ሁለት ኢንች ወይስ ስድስት? የፒክአፕ ሊፍት ኪቶች ጎን ለጎን

ሊፍት ኪት (መኪናን ከፍ የሚያደርግ የዕቃ ስብስብ) ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኢንች ያነሳል?» ብሎ ነው። ሻጩም ደስ ብሎት ይመልሳል፤ ቁጥር መናገር ቀላል ነዋ። ችግሩ ሁለት ኢንች የሚያነሱ ብዙ ዓይነት ኪቶች መኖራቸው ነው። በዋጋም በጠባይም አይገናኙም። መኪና ከፍ ስትል የሚዛቡ ነገሮች አሉ፦ የጎማው አቋቋም፣ የአክስሉ ማዕዘን፣ የአሞርዛተሩ ጉዞ፣ አንዳንዴም ፍሬኑ። አንዱ ኪት እነዚህን አስተካክሎ ይመጣል። ሌላው ብረቱን ብቻ ሸጦ ቀሪውን ለእናንተና ለመካኒካችሁ ይተወዋል። እኔ ኪት የማወዳድረው በዚህ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እናጥራ። ሊፍት ኪት የኋላ ዲፈረንሻልን (አክስሉ መሐል ያለውን የጥርስ ቤት) ከመሬት አያርቅም። የኋላ አክስል የተቀመጠው ጎማዎቹ ላይ ስለሆነ እሱን ከፍ የሚያደርገው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። ከ31 ኢንች ጎማ ወደ 33 ብትቀይሩ ከዲፈረንሻሉ ሥር የምታገኙት አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው ኪት የሚያነሳው ሻንሲውን፣ ባምፐሩንና ከበሩ ሥር ያለውን አካል ነው። ለትልቁ ጎማም ቦታ ይከፍታል። ዲፈረንሻሉ ድንጋይ እየመታ ያስቸገረው ሰው ግን ገንዘቡን መጀመሪያ ጎማ ላይ ቢያውል ይሻለዋል።

ቦዲ ሊፍት

ይህኛው ሰስፔንሽኑን፣ ማለትም ሞላውንና አሞርዛተሩን፣ ጨርሶ አይነካም። በሻንሲውና በጋቢናው መካከል ብሎኮች ገብተው አካሉ ብቻ ከአንድ እስከ ሦስት ኢንች ከፍ ይላል። አነዳዱ አይለወጥም፣ አላይመንቱም (የጎማዎቹ አቋቋም ልክ) አይዛባም። ግን ሻንሲው የነበረበት ቦታ ላይ ነው። በአካሉና በባምፐሩ መሐል ክፍተት ይታያል። የመሪው ዘንግ፣ የነዳጅ መሙያው ቱቦና የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ይደርሱ እንደሆነ አንድ በአንድ መታየት አለበት። ለትልቅ ጎማ ቦታ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይሆናል። ሌላው ይለፈው።

ከፊት፦ ስፔሰር ወይስ ሙሉ ስትራት

ክርክሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ዛሬ የሚሠሩት አብዛኞቹ ፒክአፖች ከፊት ሞላና አሞርዛተር አንድ ላይ የተገጠሙበት ስትራት አላቸው። ሂሉክስ እ.ኤ.አ. ከ2004ቱ ቪጎ፣ ሬንጀር እ.ኤ.አ. ከ2011ዱ ሞዴል ወዲህ እንዲህ ናቸው።

ስፔሰር ከስትራቱ አናት ላይ የሚገባ ወፍራም ቀለበት ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይገጠማል። ሞላውም አሞርዛተሩም የፋብሪካው ስለሆኑ ምቾቱ ብዙም አይለወጥም። የስትራቱ እግር የሚያርፈው ታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ወገብ አካባቢ ስለሆነ፣ የአንድ ኢንች ቀለበት ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ ሁለት ኢንች ይጠጋል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀለበቱ ውፍረት ይሁን የመኪናዋ ከፍታ ጠይቁ። በዚህ ተሳስቶ ከፈለገው እጥፍ ያነሳ ሰው ጥቂት አይደለም።

ጉዳቱስ? ስትራቱ ራሱ አልረዘመም። ጎማው የሚንቀሳቀስበት ክልል በሞላ ወደ ታች ወረደ እንጂ። ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ፋብሪካው ካሰበው በላይ ይወርዳል፤ ቦል ጆይንቱ (ብራቾው ከጎማ መያዣው ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ) እና ሲቪ ጆይንቱ (ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚወስደው ዘንግ መታጠፊያ) የሚሠቃዩት ያን ጊዜ ነው። መኪናዋ እስከ መጨረሻው ስትጨመቅ ደግሞ ሻንሲው ላይ ያለው መከላከያ ላስቲክ ሥራውን ሳይጀምር አሞርዛተሩ ውስጥ ለውስጥ ሊጋጭ ይችላል።

ሞላው ላይ የሚገባ ስፔሰርም አለ። እሱ ሞላውን አስቀድሞ ይጨምቀዋል። መኪናዋ ቆማ ሳለች አሞርዛተሩ ከወትሮው ተዘርግቶ ስለሚቆም ወደ ታች የሚቀረው ጉዞ ያጥራል። ጉብታ አልፋችሁ ስትወርዱ ከፊት «ቋ!» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ይኸው ነው። ብዙ ሰው ሞላው የጠነከረ ይመስለዋል። ሞላው ግን ያው ነው፣ ያለቀው ጉዞው ነው። እንደ ቢልሽታይን 5100 ያሉ ከፍታቸው በደረጃ የሚስተካከል ስትራቶችም የሚያነሱት በዚሁ መንገድ ነው። የእነሱ ብልጫ አሞርዛተሩ ከፍ ላለች መኪና ታስቦ መሠራቱ ነው።

ሙሉ ስትራት ሲሆን ሞላውም አሞርዛተሩም አዲስ ነው፣ ርዝመታቸውም እርስ በእርስ የተናበበ ነው። እንደ ኦልድ ማን ኢሙ፣ ዶቢንሰንስና አይረንማን ያሉ የአውስትራሊያ ብራንዶች ለአንድ መኪና ጥንካሬያቸው የተለያየ ሞላዎች ይሸጣሉ። አንዱ ባዶ አፍንጫ ላላት፣ ሌላው የብረት ባምፐር ለተገጠመላት፣ ሌላው ዊንች (የመጎተቻ ገመድ መጠቅለያ) ለተጨመረባት። እዚህ ላይ ሰው «ጠንካራው ይሻላል» ብሎ ይሳሳታል። ለዊንች የተሠራ ሞላ ባዶ መኪና ላይ ሲገባ መኪናዋ ከተባለው በላይ ትነሳለች፣ ኮሮኮንች ላይም ጥርስ ታራግፋለች። አሁን ላለው ክብደት ግዙ፣ አንድ ቀን እገጥመዋለሁ ለምትሉት ዕቃ አይደለም።

ከዚያ አላይመንት ይመጣል። እስከ ሁለት ኢንች ድረስ የፋብሪካው ማስተካከያ ቡሎን ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ ካስተር የሚባለው ማዕዘን፣ ማለትም ጎማው በመሪ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ የሚያጋድልበት፣ ያልቃል። መሪው ወደ መሐል መመለስ ይሰንፋል፣ ፍጥነት ስትጨምሩ መኪናዋ ትዋዥቃለች። መድኃኒቱ ማዕዘኑ የተለወጠ የላይኛ ብራቾ ነው። ሦስት ኢንች ብሎ ብራቾ ያልጨመረ ኪት ለእኔ ግማሽ ኪት ነው። አንዳንድ ኪት ደግሞ የፊት ዲፈረንሻልን ወደ አንድ ኢንች ዝቅ የሚያደርጉ ቁርጥራጭ ብረቶች ይዞ ይመጣል። ሲቪ ጆይንቱን ያሳርፋሉ። በሌላ በኩል ገንዘብ ከፍላችሁ ያነሳችሁትን ከፍታ እዚያች ቦታ ላይ ትመልሳላችሁ።

አስፋልት ላይ ለሚውልና አፍንጫው ትንሽ ለተደፋ ፒክአፕ ቀጭን ስፔሰር በቂ ነው፣ በዚህ አላፍርም። ጭነትና ኮሮኮንች ካለ ግን ሙሉውን ኪት ግዙ።

ቆየት ያሉት ፒክአፖች ከፊት በሞላ ፈንታ ቶርሽን ባር፣ ማለትም እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ የብረት ዘንግ፣ አላቸው። ቡሎኑን ማጥበቅ ብቻ ያነሳቸዋል፣ ያለ ወጪ። አንድ ኢንች ያህል ይቻላል። ከዚያ በላይ ጎማው ወደ ታች የሚሄድበት ጉዞ ያልቅና መኪናዋ እንደ ጋሪ ትሆናለች። እንደ ላንድክሩዘር 79 እና ጂፕ ግላዲያተር ያሉ ከፊት ወጥ አክስል ያላቸው ደግሞ ለማንሳት ቀላል ናቸው፣ ረዘም ያለ ሞላ ይበቃቸዋል። ግን አክስሉ ካስተሩን ያጣል፣ ወደ አንድ ጎንም ይሳባል። ኪቱ ለሁለቱም ማስተካከያ ይዞ እንደሆነ ተመልከቱ።

ከኋላ፦ ብሎክ፣ ሻክል፣ ቅጠል

ብሎክ በአክስሉና በባሌስትራው (ከተደራረቡ የብረት ቅጠሎች በተሠራው ሞላ) መካከል የሚገባ ብረት ነው። ምቾቱን አይነካም፣ ርካሽም ነው። ነገር ግን ነዳጅ ስትሰጡና ፍሬን ስትይዙ አክስሉ መጠምዘዝ ይፈልጋል፤ ብሎኩ ደግሞ ለዚያ ጥምዘዛ እጀታ ይሆንለታል። በረዘመ ቁጥር ይብሳል፣ ባሌስትራው እንደ እባብ ይጥመለመላል። ሁለት ብሎክ ደራርባችሁ አትግጠሙ። ከፊት አክስል ላይማ ከነጭራሹ አታስቡት።

ረጅም ሻክል (የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ማንጠልጠያ) በጣም ርካሹ መንገድ ነው። ሁለት ኢንች ቢረዝም መኪናዋ የምትነሳው አንድ ኢንች ብቻ ነው፣ አክስሉንም ያዘነብለዋል። አልመክረውም።

ተጨማሪ ቅጠል ለሚጭን ሰው መልካም ነው። ባዶዋን ስትሄድ ግን ትዘላለች። አጭር ቅጠል ጫናውን መሐል ላይ ስለሚያከማች ረጅሙን ምረጡ።

አዲስ ሙሉ ባሌስትራ ከሁሉም ይበልጣል። እሱም በጭነት መጠን ተለይቶ ይሸጣል፣ ከባዶ ጀምሮ ዘወትር 300፣ 500 ኪሎ ለሚሸከም። ልክ እንደ ፊቱ ሞላ እውነተኛውን ጭነታችሁን ተናገሩ። ደግሞ ይህን አትርሱ፦ ጠንካራ ባሌስትራ መኪናዋ እንድትጭን የተፈቀደላትን ክብደት አይጨምርም። አክስሉ፣ ፍሬኑና ሻንሲው የድሮዎቹ ናቸው። የኋላዋ ስላልተኛ ብቻ ትችላለች ማለት አይደለም።

ሰው የማያስታውሰው የፍሬኑ ጉዳይ አለ። በአንዳንድ ሂሉክሶችና ሌሎች ፒክአፖች ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። የኋላው ከፍ ብሎ ሲያገኘው «መኪናዋ ባዶ ናት» ብሎ ያስባል፣ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደውን ግፊትም ይቀንሳል። ኪት ገጥማችሁ ይህን ዘንግ ካላስተካከላችሁ፣ ጭናችሁ ስትሄዱም ቫልቩ ባዶ ናችሁ እያለ ነው። ጥሩ ኪት ለዚህ የምትሆን ትንሽ ብረት ካርቶኑ ውስጥ ይጨምራል። እኔ የኪት ዝርዝር ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው እሷን ነው። ሠሪው መኪናዋ ሥር ገብቶ ማየቱን የምትነግረኝ እሷ ናትና።

አሞርዛተር፦ ትዊን ትዩብ ወይስ ሞኖትዩብ

ትዊን ትዩብ ሁለት ቱቦ አለው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ። ድንጋይ ውጪውን ቢያጎደጉደው መሥራቱን ይቀጥላል። ለስላሳ ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ረጅም ኮሮኮንች ላይ ግን ይግላል፣ ዘይቱና ጋዙ ተደባልቀው አረፋ ይሆናሉ፣ አሞርዛተሩም መያዝ ይተዋል። ለዚህ ሲባል ጋዙን በፎም የሚተኩ ፎም ሴል የሚባሉ አሉ። ከባድ ጭነት ላላቸው ደህና አማራጭ ናቸው።

ሞኖትዩብ ውስጥ ጋዙና ዘይቱ በተንሳፋፊ ፒስተን የተለያዩ ናቸው። ሙቀቱንም ቶሎ ያስወጣል። ሲገጠም የሚጠበቅበት ነገር አለ፤ ቱቦው ከጎደጎደ ፒስተኑ ይያዛልና ድንጋይ ከሚመታው ቦታ መራቅ አለበት። ከጎኑ የዘይት ታንክ ያለው ዓይነት ደግሞ ሰዓታት ሙሉ በፍጥነት ኮሮኮንች ለሚበሉ ነው። ለመልክ የሚገዙት ይበዛሉ። ያስደስታችሁ እንጂ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከአስፋልት የምትወጡ ከሆነ ልዩነቱን አታዩትም።

ዋናው ግን ርዝመቱ ነው። ሞላ አስረዝሞ የፋብሪካውን አሞርዛተር የሚተው ኪት አሞርዛተሩን ማሰሪያ ገመድ አድርጎታል ማለት ነው። ጎማው በወረደ ቁጥር የሚመታው እሱ ነው።

ስድስት ኢንች

ከአራት እስከ ስድስት ኢንች ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ኪቱ የፊት ዲፈረንሻሉንና የታችኛውን ብራቾ መያዣ በአዲስ ብረት ወደ ታች ያወርዳቸዋል፣ የጎማ መያዣውም በረጅም ይተካል። በዚህ ምክንያት የሲቪው ማዕዘን እንደ ፋብሪካው ይቆያል። የሚገርመው ደህና የተሠራ የስድስት ኢንች ኪት ከመጥፎ የሦስት ኢንች ስፔሰር ያነሰ ሲቪ ይበላል።

ዋጋው ግን ኪቱ ላይ አያበቃም። በብዙ መኪኖች የፋብሪካው ሻንሲ ላይ ብረት መቁረጥ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ መመለስ የለም። ጎማ፣ ቸርኬ፣ የረዘመ የፍሬን ቱቦ፣ ትልቅ ጎማ እንዲያዞር የተቀየረ የዲፈረንሻል ጥርስ ይከተላል። የመኪናዋ ክብደት ወደ ላይ ወጥቷል፣ ኩርባ ላይ ይሰማችኋል። ብዙ አገሮች ያለ ፈቃድ የሚነሳበትን ከፍታ ስለሚወስኑ ሕጉንና ኢንሹራንሱን አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። 35 ኢንችና ከዚያ በላይ ጎማ ለመግጠም ካልሆነ በቀር ስድስት ኢንች የሚያስፈልገው ሰው አላውቅም።

ሻጩን ምን ትጠይቁት?

ኪት በወጉ ሲሠራ ሞላው ይወጣና ጎማው በክሪክ ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ይነሳል፣ ይወርዳል። ቱቦ ይወጠር ይሆን፣ ጎማው ይነካ ይሆን፣ ሲቪው ይያዝ ይሆን እየተባለ ይለካል። እያንዳንዱ ጎማ የሚሸከመው ክብደት ይመዘናል። አሞርዛተሩ ማሽን ላይ ይፈተናል፣ ከዚያ ባዶም ተጭኖም መንገድ ላይ ይወጣል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ቀላል መኪኖች ሁሉ ኤሌክትሮኒክ የመረጋጋት መቆጣጠሪያ እንዲኖራቸው ግዴታ ስለሆነ፣ አንዳንድ ኪት ሠሪዎች መኪናዋን ኪቱ እንደተገጠመላት ኤፍኤምቪኤስኤስ 126 በሚባለው የዚሁ መቆጣጠሪያ ፈተና ያሳልፏታል።

ስለዚህ ሻጩን ስለ ኢንች ሳይሆን እነዚህን ጠይቁት። ይህ ኪት ለየትኛው ሞተርና ለየትኛው ጋቢና ነው የተለካው? አሞርዛተሩ ሲዘረጋና ሲጨመቅ ርዝመቱ ስንት ነው? አላይመንቱ ፋብሪካው በሚፈቅደው ውስጥ ይገባል? የማጥበቂያ ልክ የተጻፈበት የመግጠሚያ ወረቀት አለው? «ለሁሉም ፒክአፕ ይሆናል» ካላችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ለሚገጥመው መካኒክም ሁለት ነገር ንገሩት። የባሌስትራውና የብራቾው ቡሽ ቡሎኖች የሚጠብቁት መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ቆማ ነው። በክሪክ እንደተንጠለጠለች ከጠበቁ ላስቲኩ ተጠማዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ቡሎኖች ደግሞ አዲስ ይሁኑ፣ ከመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች በኋላም እንደገና ይጠበቁ። የፊት መብራቱ ወደ ታች ይስተካከል። ከ31 ወደ 33 ጎማ ከቀየራችሁ ቆጣሪው 100 ሲያሳይ በእውነት የምትሄዱት 106 አካባቢ ነው።