ከደሴ የተገዛ ባለ ሦስት ቱቦ አክሪሊክ ቀለም

ደሴ የጽሕፈት መሣሪያ ቤቶች ውስጥ የሚገኘው ይህ አክሪሊክ፣ ለሆላንዳዊው ሠዓሊ ለሞንድሪያን ዓይነት በጥቁር መስመር ለተከፋፈለ ባለ አራት ማዕዘን ሥዕል ቀዩና ሰማያዊው አያሳፍሩም። ቢጫው ግን ስስ ነው፤ ነጭ ላይ ሦስት ጊዜ ካልተደረበ የብሩሹ መንገድ ይታያል፣ ጥቁር ላይማ አይሞከርም። ስለዚህ ቢጫው ይቅደም፣ ጥቁሩ መስመር መጨረሻ ይምጣ።

መስመሩ ቀጥ እንዲል የሚለጠፈው፣ አብሮ የሚሸጠው የወረቀት ፕላስተር ጠርዙ ላይ ቀለም ያሾልካል። ጠርዙን በጥፍር ጫን አድርጎ መጀመሪያ ከሥሩ ባለው ቀለም መድፈን፣ ሲደርቅ ጥቁሩን መቀባት ነው። ያኔ የሚሾልከው ቀለም ከሥሩ ካለው ጋር አንድ ስለሆነ አይታይም። ፕላስተሩ ጥቁሩ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ በ45 ዲግሪ ወደ ኋላ እየተሳበ ይላጥ፤ ከደረቀ ጠርዙን ቦጭቆ ይነሳል። ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱ ቶሎ ስለሚያደርቀው አንድ መስመር ቀብቶ ወዲያው መላጥ እንጂ ቡናው እስኪፈላ መጠበቅ አያዋጣም።