ውሉን አልጽፍም ላሉት የደሴው ጸሐፊ

ደሴ ፍርድ ቤት አካባቢ ከሚቀመጡት የአቤቱታ ጸሐፊዎች አንዱን በአደባባይ ላመሰግን ነው። ከሁሉ በፊት የማመሰግናቸው አልጽፍም ስላሉ ነው።

የእናቴ ቤት በባንክ መያዣ ተይዟል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሱቋ ተዘረፈ፤ ከዚያ ወዲህ ወርሃዊ ክፍያው እየተወዘፈ መጥቶ የባንኩ ማስጠንቀቂያ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ደላላ በራችንን አንኳኳ። ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላወቅንም። ውዝፉን እሱ ሊከፍል፣ ካርታውን ሊያስለቅቅ፣ እናቴም በቤቷ እየኖረች በዓመት ውስጥ ልትመልስለት! «ለወጉ ያህል» የሽያጭ ውልና ውክልና ብቻ ትፈርማለች።

ጸሐፊው ረቂቁን አንብበው ደላላውን ውጭ እንዲጠብቅ አደረጉና «እህቴ፣ ቤትሽን መሸጥ ፈልገሽ ነው?» አሏት። ዕዳው በቀኑ ካልተከፈለ ቤቱ የአበዳሪው ይሁን የሚል ስምምነት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3060 አይጸናም። አጭበርባሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ብድሩን ሽያጭ ያስመስሉታል። «ትመልሺልኛለሽ» የተባለው ወረቀቱ ላይ የለም። ሕጉ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋልን ቢከለክልም፣ በሽያጭ ዋጋ ውስጥ የተደበቀ ወለድ ማን ያየዋል? ውክልናውማ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» ይላል፤ ቤቱን ለሦስተኛ ሰው ማስተላለፍም ሌላ ዕዳ መጫንም ያስችላል።

አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ ያለ ክስ ቤቱን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል፤ ግን ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ጸሐፊው የደብዳቤውን ቀን አይተው «ገና ጊዜ አለሽ» አሉና መክፈያው እንዲራዘም የሚጠይቅ ማመልከቻ ጻፉላት። አጭር ነበር፤ ልመና አልበዛበትም። ባንኩም ተስማማ። ጊዜው ሲረዝም ጠቅላላ ወለዱ እንደሚጨምር አስቀድመው ነግረዋታል፤ እንዲህ የሚናገር ጥቂት ነው።

ያስከፈሉን የአንድ ማመልከቻ ዋጋ ነው። ደላላው ለውሉ ሊከፍላቸው የነበረው ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ጠበቃ አይደሉም፤ ነገሩ ክርክር ላይ ከደረሰ ራሳቸው ወደ ጠበቃ ይልካሉ። ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ አድራሻቸውን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አይገኙም። የብድር ውሉንና የባንኩን ደብዳቤ ሳትይዙ ከሄዳችሁ ይመልሷችኋል፤ ቁጣቸውም ቀላል አይደለም።