«ማዘር፣ የማን እንግዳ ነዎት?»፦ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሦስት ሌሊት

የሪዞርቱን ስም አልጠራም። ሐይቁ ዳር ከተደረደሩት አንዱ ነው፣ ይበቃል። የምጽፈው በመጪው ገና ከውጭ ገብታችሁ እናት አባት፣ አክስት አጎት ይዛችሁ ሐዋሳ ለመውረድ ለምታስቡ ነው። እኛ ዘጠኝ ነበርን፦ የ16 ዓመቱን ልጅ ጨምሮ ስድስት አዋቂ፣ ከዚያ የ11፣ የ8 እና የ5 ዓመት ልጆች። ሦስት ክፍል፣ ሦስት ሌሊት፣ ከታኅሣሥ 21 እስከ 24። ቀኑን ልብ በሉልኝ። የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት መሐሉ ላይ ወድቋል፣ የነቢያት ጾም ደግሞ ገና አልተፈታም።

ደህናውን ላስቀድም፣ አጭር ስለሆነ። ግቢው ያምራል። ከሜሪላንድ ታኅሣሥ ለመጣ ሰው ጠዋት በቲሸርት ሐይቁ ፊት ተቀምጦ ቡና መጠጣት የ275 ኪሎ ሜትሩን መንገድ ያስረሳል። ክፍል የምታጸዳዋ ልጅ ማንም ሳይጠይቃት አጎበር ጨመረች፣ ጦጣ እንዳይገባ የበረንዳው በር እንዴት እንደሚቆለፍ ለልጆቹ አሳየቻቸው። ቲፕ መስጠት ካማራችሁ እንዲህ ላለችው ስጡ፣ በእጇ።

አሁን ወደ ሌላው።

ክፍሉ የተያዘው አዲስ አበባ ካለው የሽያጭ ቢሮ በቴሌግራም ነው፣ 11,000 ብር ለአንድ ሌሊት፣ ተጨማሪ አልጋውን ጨምሮ። ሐዋሳ እንግዳ መቀበያው ላይ ግን ሌላ ዝርዝር አለ፤ ሁለቱ ቢሮዎች አይተያዩም። ሁለቱ ክፍሎች በአሜሪካ ፓስፖርት ሲመዘገቡ «ይሄ የውጭ ዜጋ ዋጋ ነው፣ 110 ዶላር» ተባለ። በዕለቱ ምንዛሪ ከ16,000 ብር በላይ መሆኑ ነው፣ ለዚያው አልጋ፣ ለዚያው መስኮት። ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ዘመን በዶላር የተጻፈ ዋጋ ብዙም አይቆጠቁጥም ነበር። ምንዛሪው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ በገበያ ሲወሰን ግን ሌላ ነገር ሆነ፣ ብዙ ቦታ የዋጋ ዝርዝሩን ያሻሻለ የለም።

ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጃችሁ። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ባለመታወቂያው በኢኮኖሚያዊ፣ በማኅበራዊና በአስተዳደራዊ አገልግሎቶች አጠቃቀም ለውጭ ዜጎች የተጣለው ገደብ አይመለከተውም ይላል። ስለ ሆቴል ዋጋ በስም ስለማይናገር ግን ካርዱን ብቻ አሳይታችሁ አታሸንፉም። እኛን ያወጣን የቴሌግራሙ መልእክት ነው፦ ዋጋው፣ ቀኑ፣ የክፍሉ ብዛት፣ «ኮንፈርም ሆኗል» የሚለው ቃል ከነሰዓቱ። ስለዚህ በስልክ የተነገራችሁን ሁሉ «እንዲህ ተባብለናል አይደል?» ብላችሁ በጽሑፍ መልሳችሁ ላኩና «አዎ» አስብሉ። መልእክቱን አስቀድሙ፣ ካርዱን አስከትሉ። ጩኸት አያስፈልግም፤ የምትጮሁባት ልጅ ዋጋ የመቀየር ሥልጣን የላትም። «ማናጀር ይፈቅዳል» ትላለች፣ ማናጀሩ ስብሰባ ላይ ነው። ቁልፍ መስጫው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው ተብሎ የመጨረሻውን ክፍል ቁልፍ ያገኘነው 9 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። ተጨማሪ አልጋዎቹ የገቡት ማታ 4 ሰዓት፣ ሦስት ጊዜ ከተደወለ በኋላ።

ይህ ሁሉ ግን ይረሳል። የማይረሳው ጠዋት ቁርስ ቤት ነው።

እናታችን 74 ዓመቷ ነው፤ ነጠላዋን አጣፍታ ከሁላችንም ቀድማ ወርዳ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። አስተናጋጁ መጣና «ማዘር፣ የማን እንግዳ ነዎት?» አላት። የክፍል ቁጥር ጠየቃት፣ አላስታወሰችም። «እንግዲያው እንግዳ መቀበያ ሄደው ያረጋግጡ» ብሎ አስነሳት። ከኋላዋ የገባው የ16 ዓመት የልጅ ልጇ ደግሞ በቁምጣና በነጠላ ጫማ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ በእንግሊዝኛ «ሞርኒንግ» ብሎ አለፈ። ማን ነህ ያለው የለም፣ ወንበር ሳቡለት። ሁለቱ የአንድ ክፍል ሰዎች ናቸው።

ምክንያቱን ስንጠይቅ የሰጡን መልስ ግማሹ እውነት ነው። የቁርስ ዝርዝሩ ላይ ለአንድ ክፍል አንድ ስም ብቻ ይጻፋል፣ ያም ፓስፖርቱን ያስመዘገበው ሰው ነው፤ ሌላው «ሲደመር ሁለት» ይባላል። በዓል ስለሆነ ደግሞ ደረታቸው ላይ «ሰልጣኝ» የሚል የለጠፉ ልጆች በዝተዋል፣ ማንን መጠየቅ እንዳለባቸው የነገራቸው የለም። ይሁን። ዝርዝሩ ጉድለት ካለበት ግን ጥያቄው ለሁሉም መሆን ነበረበት። እዚህ እኛ የምንኖርበት አገር ሆቴሉ ወይ በር ላይ ቆሞ ሁሉን ይጠይቃል ወይ ማንንም አይጠይቅም። ሐዋሳ ላይ የሚጠየቀው ነጠላ የለበሰ፣ አማርኛ የሚናገር ነበር። ዋና ገንዳው ላይም እንዲሁ ሆነ፦ ከአዲስ አበባ የመጣው አጎታችን «የቀን ተጠቃሚ ነዎት? ደረሰኝ ያሳዩ» ተብሎ በአንድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፣ አጠገቡ ያሉት ልጆች አንድም ጊዜ። ምግብ ሲታዘዝ ሜኑው የሚሰጠው እንግሊዝኛ ለሚናገረው ነው፣ ሒሳቡም እንደዚያው፤ የሚታዘዘውን ያወቀችው ግን እናታችን ነበረች።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ቢያሳፍርም። ስትገቡ የሁሉም ሰው ሙሉ ስም በመመዝገቢያው ካርድ ላይ እንዲሰፍር አድርጉ፣ የልጆቹም ጭምር። የእጅ ማሰሪያ ካላቸው በሰው ቁጥር ተቀበሉ። የክፍሉን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ለትልልቆቹ ስጡ። ከተቻለ አንዱን ክፍል በአገር ውስጥ ዘመድ መታወቂያ አስመዝግቡ፤ ያኔ ዝርዝሩ ላይ ያለው ስም የእነሱ ይሆናል።

ታኅሣሥ 22 ማታ «ጋላ ዲነር»፣ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ዋዜማ ራት አለ። አለ ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው፤ ብትበሉም ባትበሉም ይታሰባል። ይህን የሽያጭ ቢሮው አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅንም። ለአዋቂ 4,500 ብር፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ግማሽ፣ ከዚያ በታች በነፃ፤ መጠጥ አይጨምርም። ለጾመኛ የተለየ ዋጋ የለም። የጾሙ ምግብ ከሙሉ በግ ጥብሱ ጎን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሩዝ። ጭልፋው ሁለት ነው፣ ሰሃኑ ስምንት። አንድ ሰው ከቀይ ወጡ ቀድቶ ያንኑ ጭልፋ ምስሩ ውስጥ ሲያሳርፈው በዓይናችን አየን። ለአስተናጋጁ ስንነግረው «ችግር የለም ማዘር፣ ከላይ ከላይ ይውሰዱ» አለ። ሩዙ በቅቤ ነው በዘይት? የሚያውቅ ጠፋ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ምግብ አብሳዩ ራሱ ከወጥ ቤት ወጥቶ ለብቻ የተሠራ ሽሮና ጎመን በአዲስ ሰሃን ይዞ መጣ፣ ይቅርታም ጠየቀ። እግዜር ይስጠው። ነገሩን ከመጀመሪያው ለእሱ መንገር ነበረብን፦ ጾመኛ ካላችሁ በዋዜማው ወጥ ቤቱን ጠርታችሁ ስንት ሰው እንደሆነ፣ ዓሣ ይበላ አይበላ፣ ኬኩ እንቁላልና ወተት ይኑረው አይኑረው ተነጋገሩ። አስተናጋጅ ጋ የቀረ መልእክት ወጥ ቤት አይደርስም።

ሒሳቡ። እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ስለሆነ። «ፕላስ ፕላስ» ሲሏችሁ 10 ፐርሰንት የአገልግሎት ክፍያና 15 ፐርሰንት ቫት ማለታቸው ነው። ሰው 25 ፐርሰንት ብሎ ያስባል። አይደለም፤ ቫቱ የሚሰላው የአገልግሎት ክፍያው ከተደመረ በኋላ ስለሆነ 26.5 ፐርሰንት ነው። የእኛ ዘጠኝ የክፍል ሌሊቶች 99,000 ብር፤ 10 ፐርሰንቱ ሲጨመር 108,900፤ ቫቱ ሲጨመር 125,235 ብር። ከተባለው በላይ 26,235። የጋላው ደግሞ ስድስት አዋቂና ሁለት ልጅ 31,500፣ ከነተጨማሪው 39,847 ብር ከ50። እናታችን ለበላችው ሽሮና ጎመን 5,692 ብር ከ50 ሳንቲም ተከፍሏል ማለት ነው።

ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቁ ጥያቄው «ስንት ነው?» ሳይሆን «ሁሉም ተካቶ፣ ደረሰኙ ላይ የሚወጣው የመጨረሻ ቁጥር ስንት ነው?» ይሁን። አሜሪካም በዚህ ጻድቅ አይደለችም፤ «ሪዞርት ፊ» እያሉ ስንቱን አስለቅሰዋል። ቢያንስ ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆቴሎች አስገዳጅ ክፍያን ከዋጋው ጋር ደምረው እንዲያሳዩ የፌደራል ደንብ ወጥቶባቸዋል። ቲፑ ደግሞ ከእኛ 18 እና 20 ፐርሰንት ለምደን ስለምንሄድ፣ 10 ፐርሰንቱ ቀድሞ መቆረጡን ሳናይ በላዩ ላይ እንደግማለን። የአገልግሎት ክፍያው እጃችሁ ይደርሳል ወይ ብለን አንዷን አስተናጋጅ ጠይቀናት ፈገግ ብላ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ቲፑን በካርድ መስጠት አቆምን።

የመውጫ ሒሳቡን በመጨረሻው ጠዋት አትጠብቁ። ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ማታ ጊዜያዊ ቢሉን አስወጥታችሁ መስመር በመስመር ተመልከቱ። እኛ ላይ የተገኘው ይህ ነው፦ ያላሰጠነው የሦስት ልብስ እጥበት፣ በነፃ ነው የተባለ የክፍል ውሃ፣ የአምስት ዓመቷ ልጅ የጋላ ሒሳብ 2,846 ብር ከ25። ልብሱና ውሃው ወዲያው ተሰረዘ። ለልጅቷ ዕድሜ ግን ፓስፖርቷን ከሻንጣ አውጥተን ማሳየት ነበረብን፣ እሱም አንድ ሰዓት ፈጀ። በእጅ የተጻፈው የቅድሚያ ክፍያ ወረቀት ደረሰኝ አይደለም፤ ከካሽ ሬጅስተር የወጣውን፣ የግብር ከፋይ ቁጥርና ቫቱ ተለይቶ የተጻፈበትን ሳትይዙ አትውጡ። የቅድሚያውን ወረቀትም አትጣሉ፣ እኛ ቀድመን የከፈልነው ከሒሳቡ ላይ ሊቀነስ ተረስቶ ነበር።

ልጆች ላላችሁ ሁለት ነገር። ሐይቁ ቢልሃርዚያ ስላለበት የሚዋኘው ገንዳ ውስጥ ነው። ጀልባ ስትይዙ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ቁጥር ከመግባታችሁ በፊት ቁጠሩ፤ ለዘጠኝ ሰው አምስት ይዘው ሊነሡ ነበር። ዋጋውም በሰው ይሁን በጀልባ ቀድሞ ይለይ።

ምሳውን ደግሞ ከግቢው ውጡ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ጠዋት አጥማጆቹ ሲገቡ ሂዱ፣ ትልልቆቹ ወፎች አባ ኮዳዎቹ ሰው ሳይፈሩ እግራችሁ ሥር ይቆማሉ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ዓይናችሁ እያየ ተከትክቶ ይጠበሳል። እዚያ ዓሣ የምትጠብስ ሴትዮ እናታችን እንደምትጾም ሳይነገራት አውቃ ሻይና ዳቦ አስቀመጠችላት፣ የማን እንግዳ እንደሆነችም አልጠየቀችም።

ስንወጣ ማናጀሩ በመጨረሻ ተገኘ። ሰውየው ትሑት ነው፣ ሁሉንም አዳመጠ፣ ማስታወሻ ያዘ፤ ለይቅርታም የአንድ ሌሊት ነፃ ቫውቸር ሰጠን። ሦስት ወር ያገለግላል፣ የበዓል ቀናትን አይጨምርም። የእኛ በረራ ከሳምንት በኋላ ነበር። ለእናታችን ስም ይዛወርልን ስንል «ቫውቸሩ የሚወጣው በተመዘገበው ፓስፖርት ስም ነው፣ ሲስተሙ አይቀበልም» አለን።