ለደካማ ሲግናል የትኛው ኤፍኤም ራዲዮ ይሻላል? ባለ መርፌው፣ ዲጂታሉ ወይስ ስልኩ

ሻጭ ራዲዮ ሲያስሞክር የሚከፍተው ጎልቶ የሚገባውን ጣቢያ ነው። አዲስ አበባ መሀል ላይ በፋና 98.1 ወይም በሸገር 102.1 ከተሞከረ ርካሹም ውዱም ጥርት ብሎ ይሰማል፤ በዚያ ማማረጥ አይቻልም። በኤፍኤም ድምፁ የሚጫነው በሞገዱ ቁመት ላይ ሳይሆን በፍሪኩዌንሲው መዋዠቅ ላይ ስለሆነ፣ ራዲዮው ውስጥ ያለው ሊሚተር ረብሻ በቁመቱ ላይ የጨመረውን ቆርጦ ይጥለዋል። ይህ የሚሆነው ግን ሲግናሉ ከረብሻው በ10 ዴሲቤል ገደማ (በጉልበት 10 እጥፍ) እስከበለጠ ድረስ ነው። ከዚያ ከወረደ ጥራቱ ቀስ እያለ አይቀንስም፤ መጀመሪያ ጠሽ ጠሽ ይላል፣ ትንሽ ሲብስበት ንግግሩ ይዋጣል። ራዲዮና ራዲዮ የሚለየው እዚህ ድንበር ላይ ስለሆነ፣ ሱቅ ውስጥ ማስከፈት ያለብዎት በግድ የሚገባውን ጣቢያ ነው።

ባለ መርፌው፣ ለምሳሌ ቴክሱን አር-9012፣ በ2 ድንጋይ ይሠራል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ጣቢያ ሲደክም ሽሽሽ ይላል እንጂ ድምፁን አይቀንስም፤ ዜና ለሚያዳምጥ ይህ ጥቅም ነው። የዚህ ዓይነት ርካሽ ራዲዮዎች ችግር ማጣሪያቸው ሰፊ መሆኑ ነው። ከማሠራጫ አጠገብ ከሆኑ ጉልበተኛው ጣቢያ በማይገባው ቦታ ሁሉ ብቅ ይላል። ኤኤፍሲ (ጣቢያውን በራሱ ተከትሎ የሚይዝ ክፍል) ያለው ከሆነ ደግሞ ደካማውን ይዘው ሳለ መርፌው ሳይነካ ወደ ጎረቤቱ ይሳባል።

ዲጂታሉ (ዲኤስፒ)፣ ለምሳሌ ቴክሱን ፒኤል-310ኢቲ፣ ጣቢያዎችን የሚለየው በስሌት ስለሆነ ተቀራርበው የቆሙትን በደንብ ይነጥላል። ለእኛ ግን ትልቁ ጥቅሙ ስክሪኑ ላይ የሚያሳያቸው ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ አንዱ የሲግናሉ ጉልበት፣ ሌላው ሲግናሉ ከረብሻው ምን ያህል እንደሚበልጥ። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ሲግናሉ ደካማ ነውና አንቴናውን ከፍ ያድርጉ፣ ወደ መስኮት ይጠጉ። ጉልበቱ ከፍ ብሎ ሁለተኛው ዝቅ ካለ ግን ችግሩ ቤት ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ ነው፣ ወይም ከፎቅና ከቆርቆሮ ተንጸባርቆ የሚመጣ ሞገድ፤ አንቴና ማስረዘም አይፈታውም፣ ራዲዮውን ግማሽ ሜትር ማንቀሳቀስ ግን ሊፈታው ይችላል። ድክመቱ፣ ሲግናሉ ሲወርድ ቺፑ ራሱ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ነው፤ ሽሽታው ሲጠፋ ንግግሩም አብሮ ይጠፋል።

ስልክ ከሁለቱ ቀጥሎ ይመጣል። አንቴናው የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ነው፤ ገመዱ ከተጠቀለለ ወይም ከቻርጀር ጋር ከተጠጋ ይረበሻል። የብሉቱዝ ማዳመጫ አንቴና አይሆንም፣ የማዳመጫ ቀዳዳ የሌላቸው አዳዲስ ስልኮችም ብዙውን ጊዜ ኤፍኤም የላቸውም።

ከተማ መሀል ሆኖ ለወሬና ለሙዚቃ ብቻ ለሚፈልግ ባለ መርፌው ይበቃል፤ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ከከተማ ዳር ላለ ግን የአንቴና ቀዳዳ ያለው ዲጂታል ይሻላል፤ ፒኤል-310ኢቲ ቀዳዳው አለው። አንቴና ለመሥራት 75 ሳንቲሜትር ሽቦ ይበቃል (የ98 ሜጋኸርዝ ሞገድ ሩብ 76 ሳንቲሜትር ነው)፤ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ቆርቆሮ አይንካ።

ከመክፈልዎ በፊት ሱቁ ውስጥ ያለውን የኤልኢዲ አምፖል ያስበሩ፣ የስልክ ቻርጀርም ሶኬት ላይ ያሰኩ፤ አንቴናው አጠገብ ሲደርሱ ጩኸቱ ከጨመረ ቤትዎም እንደዚያው ይሆናል። በድንጋይ ሲሠራ ጥርት የሚል ራዲዮ በቻርጀር ሲሰካ ከጮኸ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው፤ ራዲዮው አይመለስ። ስቴሪዮ ማጥፊያ መኖሩንም ይዩ፦ የስቴሪዮው ክፍል የሚጓዘው 38 ኪሎኸርዝ ላይ ነው፤ በኤፍኤም ደግሞ ረብሻ ወደ ላይኛው ፍሪኩዌንሲ በወጡ ቁጥር ይጨምራል። ወደ ሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ድምፅ ወደሚሆንበት) ሲመለስ ደካማ ጣቢያ እስከ 20 ዴሲቤል ድረስ ሊጠራ ይችላል፤ ያለ ወጪ ከዚህ የሚበልጥ ማሻሻያ አይገኝም።

ከአሜሪካ የሚላክ ራዲዮ ጣቢያዎቹን ይይዛል፣ ድምፁ ግን ትንሽ የታፈነ ይመስላል። ረብሻን ለመቀነስ ጣቢያው ቀጭኑን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይልካል፣ ራዲዮው መልሶ ይቀንሰዋል፤ መጠኑ እዚያ 75 ማይክሮሰከንድ ነው፤ በአውሮፓና በአብዛኛው አፍሪካ ግን 50፤ ስለዚህ የአሜሪካው ራዲዮ ከሚገባው በላይ ይቀንሳል። መቀየሪያ ከሌለው የቀጭን ድምፅ ቁልፉን ትንሽ ከፍ ማድረግ ያቃናዋል።