የደሴው የወንዶች የውይይት ቡድን፦ ምኑ ይሠራል፣ ምኑ ይጎድለዋል

ከጦርነት ለተመለሱ ወንዶች ደሴ ላይ የሚሰጠው ይህ አገልግሎት ስድስት ሳምንት ይቆያል፤ በነጻ ነው። በሳምንት አንዴ፣ ለ2 ሰዓት፣ ከ8 እስከ 10 ሰው ሆኖ ነው። ቅዳሜ መሆኑ ጥሩ፤ ዓርብ ቢሆን ጁምዓ ግማሹን ሰው ይወስደው ነበር።

ክፍሉን ያሰናዳው ሰው ሥራውን ያውቃል። ወንበሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ስለሆኑ ለበሩ ጀርባውን የሚሰጥ የለም። ጦር ሜዳ የከረመ ሰው ከኋላው በር ካለ ጆሮው እዚያው ይቀራል። ጣሪያው ግን ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው፤ በረዶ ሲወርድበት ብድግ የሚለው ብዙ ነው።

በመጀመሪያው ቀን «ያየኸውን ተናገር» አይባልም፤ ትክክል ነው። ሰውን አንድ ቀን አስለፍልፎ መሸኘት አይጠቅምም፤ አንዳንዱን ያባብስበታል። የሚጀመረው በአተነፋፈስ ነው፦ በአፍንጫ 4 እስኪቆጠር ማስገባት፣ 6 እስኪቆጠር ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ ለ5 ደቂቃ። ብዙው ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ በኃይል ስለሚስብ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከመጠን በላይ ይወጣና ራሱ ይዞርበታል፣ ጣቱን ይቆረጥመዋል። ምርቃና ላይ ላለ ሰውም አይሠራም፤ ጫቱ ልቡን እያስሮጠው ትንፋሹ ብቻውን አያበርደውም። ይህ በምዝገባ ቀን ሊነገር ይገባ ነበር።

የድብርት መመዘኛው ቅጽ 9 ጥያቄ አለው። ስለ ቁጣ አንድም አይጠይቅም፤ እዚህ አገር ደግሞ የወንድ ሐዘን የሚወጣው በቁጣና በወገብ ሕመም ነው። ከዚህ የባሰው ቅጹ በሰው ፊት ጮክ ተብሎ መነበቡ ነው። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለ ማጥፋት ነው፤ ጓደኛው ጎኑ ተቀምጦ «አዎ» የሚል ወንድ ከየት ይመጣል?

ወንድነት ራሱ የሚነሳው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ምሳሌው ከዚሁ ከደሴ ነው፦ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ያ ሥርዓት ወንድ ልጆችን ከ8 ዓመታቸው ጀምሮ በባሊላ ድርጅት ያሰልፍ ነበር፤ ከ25 እስከ 65 ዓመት ያለውን ላጤ ወንድ ግብር ያስከፍል ነበር፤ ሙሶሊኒም እናትነት ለሴት እንደሆነ ሁሉ ጦርነትም ለወንድ እንዲሁ ነው ብሎ ተናግሯል። ፍርሃትና ድካም የሴት ነገር ከተባለ፣ ወንዱ በራሱ ውስጥ ያፈረበትን ጠላቱ ላይ እየፈለገ ይመታል። አወያዩ ይህን አሳምሮ ያስረዳል።

ወደ ራሳችን ሲዞር ግን ይፈራል፤ ፉከራውን ሳይነካ ያልፋል። ፉከራና የፋሽስት ሰልፍ አንድ አይደሉም። ፎካሪ በስሙ፣ በአባቱ ስም ቆሞ የሠራውን ይናገራል፣ ሰውም ይመሰክርለታል፤ ሰልፉ ግን ሁሉንም አንድ ልብስ አልብሶ ስሙን ያጠፋዋል። ሆኖም ፉከራ ውስጥ ለፈራ ሰው የሚሆን ስንኝ የለም። ጨዋታው መጀመር ያለበት ከዚህ ነበር፤ ለዚህ ሁሉ ደግሞ አንድ ሳምንት አይበቃም።

ሌሊት ባንኖ መሣሪያ የሚያነሳ ወይም ሳይጠጣ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ከቡድኑ በፊት ሆስፒታል፣ አእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂድ፤ መሣሪያውም ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ።

መጨረሻ ላይ ቡና ይፈላል። እውነተኛው ወሬ የሚወጣው በረካ ላይ ነው፤ አወያዩ ግን ቶና ላይ ሰዓቱን አይቶ ይነሳል።