አረፋው ሲዋሽ፦ የቤት ውስጥ የጎማ ባላንስ ማድረጊያዬ ከወራት በኋላ

በውኃ ልክ አረፋ የሚሠራ የጎማ ባላንስ ማድረጊያ፣ ማለትም የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል መሆኑን የሚያሳይ መሣሪያ፣ ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። ስለ ብረቱ ጥንካሬና ስለ ቀለሙ የምለው የለኝም፤ ደህና ነው። የሚያስጽፈኝ አረፋው ነው። ከካርቶኑ ሲወጣ ይዋሽ ነበርና።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጎማው ተጋድሞ የቸርኬው መካከለኛ ቀዳዳ ሾጣጣው ላይ ይቀመጣል። ሾጣጣው በአንዲት ሹል ነጥብ ላይ ስለሚቆም የከበደው ወገን ዝቅ፣ የቀለለው ከፍ ይላል፤ አረፋውም ወደ ቀላሉ ይሄዳል። እዚያ በኩል ክብደት እየጨመሩ አረፋውን ውኃ ልኩ ላይ ያለው ጥቁር ክብ መሀል ማስገባት ነው። የእኔው አረፋ ግን የትኛውም ጎማ ቢጫንበት ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ጎማውን አንስቼ ግማሽ ዙር አዞርኩና መልሼ አስቀመጥኩት። ጉድለቱ የጎማው ቢሆን ኖሮ አረፋው አየር የሚሞላበትን ቫልቮላ ተከትሎ ይዞር ነበር። እሱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

«ከፋብሪካ ተስተካክሎ የመጣ ነው፤ አውጥቶ መጠቀም ብቻ» የሚል ሻጭ ካለ፣ እስቲ በፊቴ ግማሽ ዙር አዙሮ ያሳየኝ። የመሣሪያውን ጥፋት አምኖ ክብደት የለጠፈ ሰው ጤነኛውን ጎማ ያበላሻል። ያለቦታው የተለጠፈ 30 ግራም ቀላል አይደለም፤ የተለመደ የቤት መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ ያ ክብደት ቸርኬው ጠርዝ ላይ ሆኖ 5 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ጎማውን ወደ ውጭ ይጎትታል፤ ያውም በሰከንድ ወደ 15 ጊዜ እየዞረ። ይህን የሚያህል ነገር መመሪያው ላይ አንድ መስመር እንኳ አለመጻፉ ያናድዳል።

መድኃኒቱ አረፋው ሥር ባሉት ትንንሽ ብሎኖች ነው። መጀመሪያ ጎማ ሳልጭን አረፋውን መሀል አስገባሁት፤ ከዚያ ጎማ ጭኜ እያዞርኩ በሁለቱ አቀማመጦች መካከል የታየውን ልዩነት ግማሹን በብሎን አጠፋሁ። ከዚያ ወዲህ አረፋው ታምኗል። በ80 እና በ110 መካከል መሪዬን ያንቀጠቅጠው የነበረው ነገርም ጠፍቷል፤ ይህን ደስታ ማንም አይነጥቀኝም።

ጎሚስታ ቤት ያለውን፣ ጎማ እያሽከረከረ የሚለካውን «ማሽን ሙሉ በሙሉ ይተካል» የሚለውን ግን አልቀበልም። ከባዱ ነጥብ በአንድ በኩል ከውስጥ፣ በተቃራኒው በኩል ከውጭ ሲሆን ቆሞ የሚለካ መሣሪያ ምንም አያይም፤ ጎማው ሲሽከረከር ግን ወደ ጎን ይወዛወዛል። ለዚህም ነው ክብደቱን ሁልጊዜ ለውስጥና ለውጭ ጠርዝ እኩል የማካፍለው። ሰፊ ጎማ ያለው ሰው ማሽን ያለው ጎሚስታ ዘንድ ይሂድ። እኔ በጠባቦቹ ጎማዎቼ መሣሪያውን አልሸጠውም፤ ዛሬም ብሆን እገዛው ነበር፤ ነገር ግን ግማሽ ዙሩን እዚያው ሻጩ ፊት ሳላይ ገንዘቤን አላወጣም።