ሳሪስ አቦ ያለችው ስም የለሽ ቡና ቤት

ሳሪስ አቦ፣ ከታክሲ ተራው ትንሽ ገባ ብሎ፣ በሯ ላይ ምንም ያልተጻፈባት ቡና ቤት አለች። ማታ ማታ ኳስ ታሳያለች፤ ኦሎምፒክ ሲመጣ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ትሞላለች። አምስት ዓመት ተመላልሼባታለሁ።

ቡናው ከሰል ላይ ነው የሚፈላው። ሲኒው 25 ብር ነው። እርጥቡ፣ ያ ድንች የሚገባበት ዳቦ፣ ቃሪያ አይሰስትም፣ እወደዋለሁ። አግዳሚዎቹ መደገፊያ የላቸውም፤ ወገቡን የሚያመው ቀደም ብሎ መጥቶ ግድግዳውን ይያዝ። መሀል ላይ ያለው ምሰሶ ይጋርዳል። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጨርሶ አይሰማም።

እኔ ግን የምሄደው ለሰዉ ነው። የአዲስ አበባ ደጋፊ ምን ዓይነት ስፖርተኛ እንደሚወድ ያየሁት እዚያ ነው። ጎኔ የሚቀመጠው ልጅ የታክሲ ረዳት ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሥራ ይጀምራል። የወርቅ ሜዳሊያ ታሪክ ጠይቁት፣ ቶሎ ይጨርሳል። ስለ እቴነሽ ዲሮ ስትጠይቁት ግን ከመቀመጫው ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የሪዮ ኦሎምፒክ የ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ማጣሪያ ላይ ተደነቃቅፋ ጫማዋ ተበላሸ። መልሳ ልታጠልቀው ሞከረች፣ እምቢ አላት። ጫማውንም ካልሲውንም ወርውራ አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ ሮጠች። 7ኛ ወጣች። እሱ ሲተርከው ካልሲው ራሱ የእሱ ይመስላል።

ኳስም ላይ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ በ10 ሰው ተጫውተን፣ አዳነ ግርማ የዋንጫ ባለቤቷ ዛምቢያ ላይ ያገባት የአቻነት ጎል እስካሁን ትነሳለች። ለማሊያው ያልሞተ ተጫዋች እዚህ ቤት ስሙ አይነሳም። የዚህ ቤት ሰው ሽንፈትን ይችላል፤ መለገምን ነው የማይችለው።

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. የፓሪስን ማራቶን አብረን አየን። ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲቀር በምትኩ የተጠራው ታምራት ቶላ ዳገቱ ላይ ጥሏቸው ሄደ። በ2:06:26 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ገባ። ጩኸቱ ዝናቡን አሸነፈው። ጨፈርን፣ ሂሳባችንን ከፈልን፣ ወጣን።

በማግስቱ እሑድ ተራው የሴቶቹ ነበር። ነጠላቸውን እንደለበሱ ከቅዳሴ የመጡ እናቶችም አብረውን ተቀመጡ። ትዕግስት አሰፋ ለኔዘርላንድስ ከምትሮጠው ከሲፋን ሐሰን ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተጋጨች እስከ መጨረሻው ታገለች። በ3 ሰከንድ ተቀደመች። ቤቱ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሁሉም ተነስቶ ተከተለው። እኔ ምሰሶው ጋ ቆሜ እንባዬ መጣ።

ልከፍል ስል የቡና ቤቷ ባለቤት እጄን መለሱት።

«ተወው ልጄ፣ ዛሬ ቡናው በእኔ ነው። ልጅቷ ሞታ ነው የሮጠችው።»